ፊልሙ ውስጥ የሌለው ውሸት

ይድረስ ለእህቴ ለሼንባጋም፣ ፔናንግ።

ለመሆኑ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? ደረጃ ስትወጪ እንደሚያምሽ ልጄ ካያል ነግራኛለች። ባለቤትሽ ደህና ነው? ወደብ ላይ ያለው ሥራ አልከበደውም? ልጅሽ ቲናካራን ሥራ መያዙን ሰምቼ ደስ ብሎኛል፤ ካስቱሪም ትምህርቷን እንደምትጨርስ ሰምቻለሁ። የዚያ አገር ዝናብ ከሰዓት በኋላ በየቀኑ ይወርዳል ይባላል፤ እርጥበቱ አጥንትሽ ውስጥ እንዳይገባ እሰጋለሁ። ይህን ሁሉ የማውቀው ከልጄ አፍ ነው። እኔ ጠይቄሽ አላውቅም፣ አንቺም ነግረሽኝ አታውቂም። ሠላሳ ዓመት የእህቱን ጤና በሰው በኩል ሲሰማ የኖረ ሰው ዛሬ ድንገት ተነስቶ «እንደምን ከርመሻል» ሲል ለጆሮ እንደሚጎረብጥ አይጠፋኝም። ሰላምታ ሳላስቀድም ወደ ነገሩ መግባት ግን አቃተኝ።

እኛ በአካል ደህና ነን። የባለቤቴ የፔቺ ስኳር ወረድ ብሎላታል። የኦቾሎኒ ከረሜላ ሥራዬም እየሄደ ነው፤ ሰባት ሴቶች አብረውኝ ይሠራሉ፣ ሁለቱን አንቺም ታውቂያቸዋለሽ፣ ከክብሪት ፋብሪካው አብረውሽ የነበሩ ናቸው። የእናታችንን ቤት ጣሪያ ባለፈው ዓመት አሳድሼዋለሁ። በልቤ ደህና ነኝ ብዬ ግን አልዋሽሽም። ውሸት ይብቃኝ፤ የምጽፍልሽም ስለ እሱው ነው።

በስልክ ያልነገርኩሽ ድምፄን ስትሰሚ እንዳትዘጊው ፈርቼ ነው። እናታችን የሞተች ጊዜ መጥተሽ አሥራ ስድስት ቀን ስትቀመጪ ከእኔ ጋር የተነጋገርሽው «ወንበሩን ወዲያ በለው» የሚል ብቻ ነበር። ለምን ይሆን ብዬ ራሴን አልጠየቅኩም፤ ምክንያቱን አውቀው ነበራ። አንቺ የምታውቂው ግን ግማሹን ነው። የቀረውን ግማሽ ዛሬ እነግርሻለሁ። ወረቀቱን ቀደሽ ልትጥዪው ብትፈልጊ መብትሽ ነው፤ ስለ ጄባራጅ የጻፍኩትን ካነበብሽ በኋላ አድርጊው ብቻ እልሻለሁ።

«ቾካን መጣ» የሚለው ፊልም ተመልሶ ሲኒማ ቤት ገብቷል። ከወጣ ሠላሳ አምስት ዓመት ሆነው፤ ምስሉን አጽድተው፣ ድምፁን አድሰው አወጡት። አንቺ እዚያ ሆነሽ ረስተሽው ይሆናል፣ እኛ ግን ከውስጡ ወጥተን አናውቅም። ገበያ ውስጥ የሁለት ኪሎው የሚዛን ብረት እስከ ዛሬ «ቾካን» ነው የሚባለው፤ «ቾካኑን አምጣው» ይላሉ፣ ፊልሙን አይተው የማያውቁ ልጆች ሳይቀሩ። የክብሪቱ ሽፋን ላይ ያለው ፊት ያው የቾካን ነው። አስተማሪ ፈተና ሲሰበስብ፣ ሚስት የባሏን እጅ ከድስቱ ላይ ስታባርር፣ የቀበሌ ጸሐፊ እስክሪብቶው ሲያልቅበት ሁሉም ያችኑ አንዲት መስመር ይላታል፦ «ይህ እጅ ከእንግዲህ ደብዳቤ አይጽፍም።» ሰዉ ይስቃል። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ሳይሰለቸው ይስቃል። እኔም በከተማችን የፊልሙ አድናቂዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ነበርኩ፤ ሃያ ሁለት ዓመት። በየዓመቱ ደም እንለግሳለን፣ ለድሃ ልጆች ደብተር እናድላለን። በዚህ በጎ ሥራ ኩራት ነበረኝ። አሁን ሳስበው ደብተር የማድለው ከምን ለመሸሽ እንደነበር ይገባኛል።

የመጀመሪያው ቀን ጧት ሦስት ሰዓት ላይ ነበር። ከሲኒማ ቤቱ በር በላይ የተዋናዩን ባለ አርባ ክንድ ምስል አቁመን፣ ወተት አፍስሰን፣ ኮኮናት ሰብረን ገባን። ካያል ከቲሩነልቬሊ ኮሌጅ ለእረፍት መጥታ ስለነበር ይዣት ሄድኩ። በቴሌቪዥን ቁርጥራጩን እንጂ ሙሉውን አይታው አታውቅም። ልጄን አጠገቤ አስቀምጬ ጎረምሳ በነበርኩበት አዳራሽ ውስጥ ያንን ፊልም ማየት ትልቅ ደስታ መስሎ ታየኝ። ወለሉን በተረከዜ እየመታሁ የሙዚቃውን መግቢያ ጠበቅኩ።

ፊልሙ የገበያው ትዕይንት ላይ ሲደርስ ሰው ሁሉ ብድግ አለ። ታስታውሺዋለሽ። ቾካን ለእህቱ ደብዳቤ የጻፈውን ልጅ በሸሚዙ አንገት ይዞ በአበባ ሻጮቹ መሃል እየጎተተ ያመጣዋል፤ ደብዳቤውን ይቀድዳል፤ ከሚዛኑ ላይ ብረት አንስቶ የልጁን ቀኝ እጅ ድንጋይ ላይ አስደግፎ ይመታዋል፤ ከዚያ ያችን መስመር ይናገራል። ፉጨቱ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ወረቀት ተበተነ። እኔም ሁለት ጣቴን አፌ ውስጥ ከትቼ አፏጨሁ፤ በሃምሳ አራት ዓመቴ።

ይህን ጊዜ ከኋላችን የተቀመጠው ቬሉቻሚ፣ የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ፣ አንገቱን አስግጎ በካያል ጆሮ ማውራት ጀመረ። አባቷ ይህንን ትዕይንት በእውን እንደሠራው፣ በዚሁ በእኛ የአበባ ገበያ፣ በቀን ብርሃን፣ ሁለት መቶ ሰው እያየ እንዳደረገው ነገራት። ሲኒማ ቤት መግባት ለእኛ ትርፍ ነው፣ የራሳችን ቾካን አለን አላት። ሰውዬው ክፋት የለበትም፤ ማወደሱ ነበር።

ካያል ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። እውነት ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ምን አልኩ መሰለሽ? ፈገግ ብዬ «ያኔ ወጣት ነበርኩ» አልኳት። ደግሜ ደጋግሜ የማስበው ፈገግታዬን ነው። ፉጨቱ ገና ጆሮዬ ውስጥ ነበር፤ እና ደስ ብሎኝ ነበር። ልጄ ቦርሳዋን አንስታ በሰዎቹ ጉልበት መሃል ተሹለክልካ ወጣች። እኔ እስከ መጨረሻው ተቀምጬ አየሁ።

ቤት ስገባ በረንዳው ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ደብዳቤው ለማን የተጻፈ እንደነበር ጠየቀችኝ፤ ለአክስትሽ ነው አልኳት። ልጁ በሕይወት አለ ወይ አለችኝ፤ አለ፣ በባቡር ጣቢያው መንገድ ደብተር ይጠርዛል አልኳት። ከዚያ የተናገረችውን ቃል በቃል ልጻፍልሽ፦

«ለአክስቴ አንተው ራስህ ካልጻፍክላት እኔ እጽፍላታለሁ። ስሙን ስትጠራ ግን አፍህ ላይ ያ ፈገግታ አይኑር።»

እንግዲህ ከመጀመሪያው ልንገርሽ። አባታችን ከሞተ በኋላ ቤቱን የምጠብቅ እኔ ነኝ ብዬ ነበር። አንቺ አሥራ ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር፤ ጧት ክብሪት ፋብሪካ፣ ከሰዓት ታይፕ ትምህርት። ጄባራጅ የክብሪት ሽፋን በሚታተምበት ማተሚያ ቤት የኅትመት ፊደል ለቃሚና ደርዳሪ ነበር፤ ጣቶቹ ከዓይን የፈጠኑ ነበሩ፤ ክርስቲያን፣ የመበለት ልጅ፣ ሰላምተኛ። የጻፈልሽን ደብዳቤ በታይፕ መጽሐፍሽ ውስጥ አስቀምጦ የላከው በጓደኛሽ እጅ ነበር። ጓደኛሽን መንገድ ላይ ቀማኋት። አንቺ እጅ አልገባም። ከፈትኩት፤ «ለተወደድሽ» የሚለውን የመጀመሪያውን መስመር አነበብኩ፤ ከዚያ በላይ አላነበብኩም። ለምን ማንበብ ያስፈልገኛል? ቾካንም አላነበበም።

እዚህ ላይ እውነቱን ልንገርሽ፣ ተናድጄ አልነበረም። የተናደደ ሰው ወዲያው ይመታል። እኔ እስከ ሐሙስ ጠበቅኩ፤ ሐሙስ ገበያው ይሞላልና። ሸሚዝ ለበስኩ፣ ያንን ቀዩን። ጓደኞቼን ጠራሁ። ማተሚያ ቤቱ ሄጄ በአንገቱ ይዤ አወጣሁት፤ ቀለም የነካው እጁን ሽርጡ ላይ እየጠረገ «ጋሼ፣ ቁጭ ብለን እንነጋገር» እያለ መጣ፤ አልታገለኝም። ሰው ከየመደብሩ ወጥቶ ክብ ሠራ። ደብዳቤውን ቀደድኩ። እጄን ዘረጋሁ፣ ብረቱ እጄ ገባ። አጥንት ሲሰበር በፊልም እንደሚሰማው አይጮህም፤ እርጥብ እንጨት ሲሰነጠቅ የሚሰማው ዓይነት ነው። ከዚያ መስመሯን ተናገርኩ። ሕዝቡ አጨበጨበ። በትከሻቸው ተሸክመውኝ ሻይ ቤት ወሰዱኝ።

ይህን ታውቂዋለሽ። ለሁለት ሳምንት እህል አልቀመስሽም፤ ይህንንም አውቃለሁ። አሁን የማታውቂውን ልንገርሽ።

በሦስተኛው ቀን ሐኪም ቤት ሄድኩ። ይከሰኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። እጁ ከክርኑ በታች በነጭ ጀሶ ተጠቅልሎ ተኝቷል፤ እናቱ እግሩ ሥር መሬት ላይ ተቀምጣለች። ጎንበስ ብዬ ደብዳቤውን ለእኔ የሰጠሽኝ አንቺ ራስሽ እንደሆንሽ ነገርኩት። «ከዚህ ሰው ገላግለኝ ብላ አልቅሳ ሰጠችኝ፤ ብትከሰኝ እሷ ናት የምትመሰክርብህ» አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አልከሰሰኝም።

ከዚያ ቤት መጥቼ ለአንቺ ምን እንዳልኩሽ ታስታውሻለሽ? ጄባራጅ ስምሽን ዳግም እንደማያነሳ በመጽሐፍ ቅዱስ ምሎ ወደ ሲቫካሲ ሄደ አልኩሽ። «ለአንዲት ሴት ብዬ ሌላኛውን እጄን አላጣም» አለ አልኩሽ። የትም አልሄደም ነበር። ከቤታችን አሥር ደቂቃ በእግር በማያስኬድ ቦታ፣ በግራ እጁ ማንኪያ መያዝ እየተለማመደ ነበር። አንቺ በረንዳው ላይ መቀመጥ ተውሽ። በዓመቱ የእናታችን ዘመድ ከፔናንግ የጋብቻ ጥያቄ ስታመጣ «እሺ» አልሽ፣ ፎቶውን እንኳ ሳታዪ። እኔ እህቴ ሰው ሆነችልኝ ብዬ ለአድናቂ ወንድሞቼ ሻይ ጋበዝኩ።

ሼንባጋም፣ ብዙ ጊዜ በልቤ ጥፋቱን በፊልሙ ላይ ሳሳብብ ኖሬአለሁ። ጊዜው እንደዚያ ነበር፣ ሁላችንም በዚያ ፊልም አብደን ነበር እላለሁ። ጉተታው ከፊልሙ ነው፤ ብረቱ ከፊልሙ ነው፤ ቀዩ ሸሚዝም ከፊልሙ ነው። ሐኪም ቤት ሄዶ ለቆሰለ ሰው ጆሮ መዋሸት ግን ፊልሙ ውስጥ የለም። ሰሞኑን ሦስት ጊዜ አየሁት፤ ፈልጌ አጣሁት። ቾካን አይዋሽም። እሱን የጨመርኩት እኔ ነኝ።

ካያል በተናገረችኝ በማግስቱ ባቡር ጣቢያው መንገድ ሄድኩ። ሠላሳ ዓመት ያልረገጥኩት መንገድ ነው፤ ወደ ጣቢያው በገበያው ዞሬ ነበር የምሄደው። ጄባራጅ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ በግራ እጁ ሙጫ እየቀባ ነበር፤ ቀኝ እጁ ወረቀቱን ከመጫን በቀር ሌላ አይችልም፣ ሁለቱ ጣቶቹ ወደ ውስጥ ታጥፈው ቀርተዋል። ፀጉሩ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል። አየኝና ሥራውን ቀጠለ። ሚስቱ ማን እንደሆንኩ ሳታውቅ ውሃ አመጣችልኝ። እሷ ወደ ጓዳ ስትገባ ነገርኩት፤ የሐኪም ቤቱን ውሸት፣ ለአንቺ የነገርኩሽን፣ ሁሉንም።

ሙጫው ብሩሹ ላይ ደረቀ። ከዚያ ደብዳቤው ውስጥ ምን እንደነበር ነገረኝ፤ አንቺ አንብበሽው አታውቂምና እጽፍልሻለሁ። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እናቱን ይዞ እናታችንን ሊለምን እንደሚመጣ፣ እስከዚያ ግን አንቺ ፈቃድሽን እንድትነግሪው የሚጠይቅ ነበር። ፈቃደኛ ከሆንሽ እሑድ ጧት ነጭ አበባ ፀጉርሽ ላይ አድርጊ፣ ካልሆንሽ ምንም አታድርጊ፣ እኔም መንገዴን ይዤ እሄዳለሁ ብሎ ጽፎልሽ ነበር። ይኸው ነው። ለዚህ ነው እጁን የሰበርኩት፤ እናቱን ይዞ በር ላንኳኳ ላለ ሰው።

ይቅርታ ጠየቅሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ዓይኔን አየና፦

«በገበያ መሃል ነው ያደረግከው። አሁን ሱቄ ገብተህ አታንሾካሹክብኝ» አለኝ።

ልክ ነበር። በዚያው ሳምንት እሑድ ጧት የፊልሙ የምስጋና ዝግጅት ሲኒማ ቤቱ ደጃፍ ላይ ነበር፤ ንግግር የማደርገው እኔ ነበርኩ። እዚያ እናገራለሁ፣ ና አልኩት። ወደ ሙጫው ተመለሰ።

ሺህ ሰው ይሆናል የመጣው። ከበሮ ይመታል። አንገቴ ላይ የአበባ ጉንጉን አደረጉልኝ። ካያል ከእናቷ ጋር ጥግ ላይ ቆማለች። ጄባራጅን ከበሩ አጠገብ፣ ከሸንኮራ ጭማቂ ጋሪው ኋላ አየሁት፤ መጥቷል። ድምፅ ማጉያውን ያዝኩ። ስሙን ጠራሁ። ከሠላሳ ዓመት በፊት ይህን ሰው በገበያችን መሃል ጎተትኩት አልኩ። ፉጨት ተነሳ። ቆይ፣ ስሙኝ አልኩ። ደብዳቤ ቀደድኩ፣ ብረት አነሳሁ አልኩ። ከዚያ ወዲያ የሚሰማኝ ጠፋ። ሺህ ሰው በአንድ አፍ መስመሯን ጮኾ ተናገራት፤ ከበሮው ተመታ፤ ቬሉቻሚ ሌላ ጉንጉን አጠለቀልኝና አቀፈኝ። «አጠፋሁ፣ ግፍ ሠራሁ» እያልኩ ነበር፤ ድምፅ ማጉያውን ከእጄ ወስደው ለተዋናዩ እልል አስባሉበት።

ይህን ብደብቅሽ ደብዳቤው ዋጋ የለውም፦ ፉጨቱ ሲነሳ ለአንዲት ትንፋሽ ያህል ሰውነቴ ደስ አለው። ይቅርታ ልጠይቅ ወጥቼ ደረቴ ተነፋ። ቀና ስል ጄባራጅ ከጋሪው ኋላ የለም። ለሁለተኛ ጊዜ አዋረድኩት፤ በዚህኛው ደግሞ ራሴ ጠርቼ አምጥቼ።

ማኅበሩን በዚያው ቀን ለቀቅሁ። የተቆጣኝ የለም፤ እርጅና ነው አሉ።

ሐሙስ ጧት ብቻዬን ወደ አበባ ገበያ ሄድኩ። የበዓላቱ ወር አዲ ስለሆነ ሰው ለእናት አምላካችን ለአማን ቤተ መቅደስ ጃስሚን ሲገዛ መተላለፊያ አልነበረም። ድምፅ ማጉያ አልያዝኩም፤ ቀይ ሸሚዝም አልለበስኩም። ከመጀመሪያው መደብ ጀምሬ ለእያንዳንዱ ሻጭ በየተራ ነገርኩት። ጄባራጅ ምንም እንዳላጠፋ፣ ደብዳቤው የጋብቻ ጥያቄ እንደነበር፣ አንቺም አሳልፈሽ እንዳልሰጠሽው፣ ሁለታችሁንም ዋሽቼ እንዳለያየኋችሁ ተናገርኩ። አንዳንዱ ሳቀብኝ። አንዱ አበባ ካልገዛህ ፀሐይ አትከልክለኝ አለኝ። አንዲት ወጣት ሻጭ ለምን አሁን ብላ ጠየቀችኝ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለቷ ነው። ወደሚቀጥለው መደብ አለፍኩ።

በመጨረሻው መደብ ላይ ያለችው አሮጊቷ ሙፒዳቲ ናት። ታስታውሻታለሽ፣ ለታይፕ ትምህርት ስትሄጂ ሁልጊዜ ጉንጉኑን ረዘም አድርጋ የምትቆርጥልሽ። ዓይኗ ደክሟል፣ አሁን የልጅ ልጇ ናት የምትመዝንላት፤ አበባ መሰካት ግን አልተወችም። እየሰካች እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። ስጨርስ ክሩን አስቀመጠች።

«ብረቱ ከየት እንደመጣ ረስተኸዋል» አለችኝ። «እጅህን ስትዘረጋ ያቀበልኩህ እኔ ነኝ። ከፊልሙ ላይ ቀጥሎ ብረት እንደሚመጣ አውቅ ነበራ።»

እውነትም ረስቼው ነበር፤ የወጋ ቢረሳ ይባል የለ። እሷ ግን ሠላሳ ዓመት አልረሳችውም፤ ለማንም አልተናገረችውም፤ ጉንጉንሽን ረዘም አድርጋ መቁረጧም በዚያ ምክንያት ይሆን ብዬ ብጠይቃት፣ አይደለም፣ ያ ቀድሞም የነበረ ነው፣ ልጅቷን ስለምወዳት ነው አለችኝ። ከዚያ በትሯን አንስታ ወደ እሱ ውሰደኝ አለችኝ። ክንዷን ይዤ በባቡር ጣቢያው መንገድ አዘገምን። በየአሥር እርምጃው ታርፋለች። የገበያው ሰው ተከተለን፤ ስድስት ሰባት ሰው፣ ምናልባት ትርዒት ይኖራል ብሎ።

ትርዒት አልነበረም። ጄባራጅ ሱቁ ደጃፍ ላይ ወጣ። አሮጊቷ ያደረገችውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነገረችው። እኔም የገበያው ሰው እያየ፣ ጮክ ብዬ፣ ዋሽቼበታለሁ አልኩ፤ እህቴ አሳልፋ አልሰጠችውም አልኩ። ያፏጨ አልነበረም። ጄባራጅ ከውስጥ በርጩማ አወጣና አሮጊቷን አስቀመጣት፤ ሚስቱም ውሃ አመጣችላት። ለእኔ በርጩማ አልወጣም፤ እኔም አልጠበቅኩም። በዚህ ጊዜ ግን ማን እንደሆንኩ ሚስቱ አውቃለች፤ ውሃውን በአጠገቤ አሳልፋ ወሰደችው።

ሰዉ ሲበተን ተመልሼ ልሄድ ስል ጠራኝና አንድ መልእክት ሰጠኝ። ለእህትህ ስትጽፍ እንዲህ ብለህ ጻፍላት ብሎ፦

«ሠላሳ ዓመት በልቤ ስወቅሳት ኖሬአለሁ። ደብዳቤዬን አሳልፋ የሰጠች መስሎኝ። ለዚህ ይቅር ትበለኝ።»

ይኸውልሽ። አድርሼአለሁ። አንዲት ፊደል አልጨመርኩበትም፣ አላጎደልኩበትም። እጁ የተሰበረው ሰው ይቅርታ ጠያቂ ሆነ፤ እኔ ደግሞ ተላላኪ። ወደ ቤት ስመለስ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ፊልሙ አራተኛ ሳምንቱን ይዟል። የጧቱ ትርዒት አሁንም ይሞላል። ቤታችን ድረስ ፉጨቱ ይሰማል፤ የገበያው ትዕይንት በስንት ሰዓት እንደሚደርስ ስለማውቅ ያን ጊዜ የኦቾሎኒ መቁያውን ማሽን አስነሳለሁ። ሴቶቹ ገና ተራው ሳይደርስ ለምን ታስነሳዋለህ ይሉኛል።

ካያል ወደ ኮሌጅ ከመመለሷ በፊት ይህን ደብዳቤ እስከዚህ ድረስ አንብባዋለች። «ፈገግታዬን» ካልኩበት ቦታ ላይ ትንሽ ቆየች። ትናንት ደውላ በልተህ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ ከሲኒማ ቤቱ ቀን ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።

ይቅር በይኝ ብዬ አልጠይቅሽም። ብትይኝ ይቀለኛል፣ የሚቀለኝ ነገር ደግሞ አሁን አይገባኝም። ያንቺን ሠላሳ ዓመት የምመልስበት መንገድ የለም። በትዳርሽ ደስተኛ ነሽ ብላ ካያል ትነግረኛለች፤ ይህን እንደ ማምለጫ ይዤው ነበር፣ መጨረሻው አምሯል እያልኩ። ያማረው በእኔ አይደለም፤ በአንቺና በባልሽ ልብ ነው። ይህ ወሬ ቤትሽን እንዳያናውጥ ፈርቼ ልተወው ሁለት ጊዜ አስቤ ነበር። ካያል ግን አክስቴ የምታውቀውን እሷ ትወስን፣ አሁንም አንተ አትወስንላት አለችኝ።

ፔቺ ጉልበትሽን ጎንበስ ብላ ትስማለች። ካያል በቅርቡ ትጽፍልሻለች። አሮጊቷ ሙፒዳቲ ለሼንባጋም ንገርልኝ፣ ገና አልሞትኩም ብላለች። ቲናካራንንና ካስቱሪን አጎታችሁ ሰላም ይላችኋል በይልኝ፤ ምን ዓይነት አጎት እንደሆነም፣ ሲጠይቁሽ ሳትደብቂ ንገሪያቸው። ለባለቤትሽ ለዳናባላን የአክብሮት ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። በሃያ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስሙን ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። አንቺን ከእኔ ያራቀ ሰው አድርጌ ነበር የማየው፤ ለካስ ከእኔ ያዳነሽ እሱ ነው።

ወንድምሽ ሙኒያሳሚ

ኮቪልፓቲ፣ የአዲ ወር በገባ በሃያ አምስተኛው ቀን፣ 2024